ለተቀመጠ ሕዝብ የተሠራ

ሰኞ፣ የካቲት 11

ዛሬ ምክር ቤቱ ዞሮ እኔን እያየ ለእህቴ አጨበጨበ።

አፈ ጉባኤው ደብዳቤውን ሲያነቡ ድምፃቸው ሊሰበር ምንም አልቀረው። ሚጢጢ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ወደ ተወለደችበት ከተማ መጥታ ልትዘፍን ነው፤ ሚያዝያ 19፣ ቅዳሜ፣ በስታዲየሙ። ስታዲየሙ የክልሉ ንብረት ስለሆነ ያለ ምክር ቤቱ ውሳኔ አይከፈትም። የውሳኔ ሐሳቡ «የምሥራቁን የላይኛውን ትሪቡን ጨምሮ ሁሉም በሮች ክፍት ይሆናሉ» ይላል። እዚያ ላይ ብቻ ስድስት ሺህ ሰው ይወጣል። ማይክራፎን የምንለው አባል፣ አንዴ ከጀመረ የሚያስቆመው የመብራት መጥፋት ብቻ የሆነው፣ ብድግ ብሎ «የእሷን ወንድም በመካከላችን ማግኘታችን ለዚህ ቤት ክብር ነው» አለ። እንደገና ተጨበጨበ።

ሃያ ሁለት ዓመት በመሐንዲስነት ሠርቻለሁ። ሦስት ድልድይ፣ ሁለት ሆስፒታል፣ አንድ የስፖርት አዳራሽ፣ ያ ስታዲየም። ተመርጬ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የገባሁትም በራሴ ስም ነው። በቅስቀሳው ሰሞን የእሷን ፎቶ ከእኔ ጎን ሲለጥፉ በገዛ እጄ ነው የላጥኩት። ምን ዋጋ አለው። ስለ መንገድ ጥገና ስናገር ያንቀላፋሉ፤ ሻይ ሰዓት ላይ «አዲሱን ዘፈን መቼ ነው የምትለቀው?» ብለው ይከቡኛል።

እኔ አላጨበጨብኩም። ያ የላይኛው ትሪቡን ለተቀመጠ ሕዝብ ነው የተሠራው። ይህን የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ ያሰላሁት እኔ ነኝና።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ላይ ናት። ዘመድ ያልነበረው ሁሉ ዘመድ ሆኗል። ለእያንዳንዱ ከላይኛው ትሪቡን የፊተኛውን ረድፍ ቃል ገብታለች። ረድፉ በእሷ አቆጣጠር ከስታዲየሙ ይረዝማል።

«ላይኛው ላይከፈት ይችላል» አልኳት።

«ማን ከልክሎ?»

«ምክር ቤቱ።»

«ምክር ቤቱ አንተ አይደለህም እንዴ?» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ስታዲየሙ ሄድኩ። ባዶ ነበር፤ ሣሩን የሚያጠጣ አንድ ሰው ብቻ። ወደ ላይኛው ትሪቡን ወጥቼ ከዳር እስከ ዳር ተራመድኩ። ከፊቱ ምሰሶ የለውም። ከታች የተቀመጠውን ሰው እንዳይጋርድ ብዬ ዘጠኝ ሜትር ወደ ፊት አየር ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ቆንጆ ነው። ዛሬም ቆንጆ ነው፤ ይህን ማለት መብቴ ነው።

ሰውየው ጀርባውን ሲሰጠኝ ጠብቄ ዘለልኩ። የአርባ ስምንት ዓመት ሰው፣ የምክር ቤት አባል፣ በሙሉ ልብስ። የኮንክሪት ወለሉ፣ ሶሌታው፣ ንቅንቅ አላለም። አንድ ሰው ምንም አያደርገውም። ተቀምጦ የሚያጨበጭብ ስድስት ሺህ ሰውም ምንም አያደርገውም።

ጭንቀቴ ሰው ሁሉ «ዝላዩ» የሚለው ዘፈኗ ነው። መሐል ላይ ባንዱን ታስቆማለች፣ አራት ትቆጥራለች፣ ከዚያ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ይዘላል። ስልኬ ላይ ከፍቼ በሰዓት ለካሁት፤ በደቂቃ መቶ ሠላሳ ሁለት ዝላይ። እንዲህ ያለ የተንጠለጠለ ሶሌታ ደግሞ የራሱ ምት አለው። እንደ ዥዋዥዌ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ገፋ ገፋ የሚያደርገው ካገኘ ከፍታው እየጨመረ ነው የሚሄደው። ሁለቱ ምቶች ይቀራረባሉ። ሦስት ጊዜ አሰላሁት፣ ሦስቴም ይቀራረባሉ።

የድሮውን ፕላን ማየት አለብኝ። እዚያ ላይ የጻፍኩት ነገር አለ መሰለኝ። ምናልባት በደንብ አላስታውሰው ይሆናል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

ማህደር ክፍል። አየሁት። ወረቀት ቁጥር ሰባት።

በደንብ ነው ያስታወስኩት።

እትዬ መዝገብ፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ሰው ሊያነጋግራቸው መጥቶ ወደ ኮሪደር ወጡ። የያዝኩት የድሮ የሥራ ቦርሳዬን ነው፤ ረጅሙን።

አልሰረቅኩም። ራሴ የሠራሁትን ወረቀት ነው የተዋስኩት።

ሻይ ጠጥተው ካልሄዱ ብለው ለመኑኝ። ቸኩያለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ኮሚቴ። ስለ መውጫ በሮች ተናገርኩ። ስለ መጸዳጃ ቤቶች ብዛት ተናገርኩ። አምቡላንስ በየት ይገባል አልኩ። ስለ ሰፈሩ ሰው እንቅልፍም ሳልናገር አልቀረሁም። አንዱን በመለሱልኝ ቁጥር ሌላ አመጣሁ። ማይክራፎን «የተከበሩ አባል ነገ ደግሞ ስለ ወፎቹ ጤና ይጠይቁናል» አለና አሳቃቸው።

ዋናውን አልተናገርኩም። ዋናውን ስናገር «ፕላኑ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቃሉ።

በኋላ መታጠቢያ ቤት ሆኜ ከበሩ ውጭ ሁለት አባላት ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሰውየው ምን ሆኗል?»

«ምን ይሆናል። ይቀናባታል።»

«በገዛ እህቱ?»

«እሷ ስታዲየም ትሞላለች። እሱ የኮሚቴ ወንበር እንኳ አይሞላም።»

እስኪሄዱ ድረስ ውሃውን ከፍቼ ቆየሁ። ይበሉ። ምቀኛ የተባለ ሰው ሞቶ አያውቅም።

እሑድ፣ የካቲት 24

ደብተሩ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው። ስለዚህ ልጻፈው።

ፕላን ሲሠራ «ጠቅላላ ማስታወሻ» የሚባል አንድ ወረቀት አለ፤ በስታዲየሙ ፕላን ቁጥር ሰባት እሱ ነው። ኮንክሪቱ ምን ዓይነት ነው፣ ፌሮው ስንት ነው፣ ሕንፃው የተሰላው ለምን ዓይነት ጭነት ነው፣ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። ማንም ከባዶ አይጀምረውም። ካለፈው ሥራ ይገለበጣል፣ የሚለወጠው ይለወጣል፣ ይፈረማል። የማያደርገው መሐንዲስ ካለ አምጡልኝ። ከስታዲየሙ በፊት የሠራሁት የስፖርት አዳራሽ ነበር፤ ምሰሶ በምሰሶ፣ ዝሆን ቢጨፍርበት ግድ የማይሰጠው። ከእሱ ገለበጥኩ። አሥራ አንድ መስመር ለወጥኩ። አሥራ ሁለተኛውን ዘለልኩት። እንዲህ ይላል፦ «የላይኛው ወለል ቆሞ ለሚጨፍርና ለሚዘል ሕዝብ ጭምር ተሰልቷል።» ከሥሩ ፊርማዬ አለ። ያኔ ፊርማዬ ትልቅ ነበር፤ ወረቀቱን ግማሽ ነው የያዘው።

ስሌቱ ትክክል ነው። ይህን ማንም ሊነጥቀኝ አይችልም። አርባ ሁለት ገጽ ስሌት፣ አንድ የተሳሳተ ቁጥር የለበትም፤ ለተቀመጠ ሕዝብ ተሰልቶ ለተቀመጠ ሕዝብ ተሠራ። ስህተቱ አንድ መስመር ነው። ግን ስሌቱን ማንም አያነብም። የሚነበበው መስመሩ ነው።

በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ያ መስመር አንድም ቀን አልተፈተነም። ኳስ ተመልካች ጎል ሲገባ ብድግ ይላል፣ መልሶ ይቀመጣል፤ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ። የተረፍነው በዚያ ነው። በየጨዋታው እዚያ ላይ የነበረውን ሰው አላስብም።

ተነስቼ «ተሳስቻለሁ» ብል ምን ይመጣል? ፈቃዴ ይሰረዛል። ድልድዮቼ ሁሉ እንደገና ይመረመራሉ። ይመርመሩ፣ ድልድዮቼን አልፈራላቸውም። ግን በቤታችን እሷ ድምፅ ያላት ናት፣ እኔ የማልሳሳተው ነኝ። አባባ ከሞተ ጀምሮ እማዬ ለእንግዳ ሁሉ የምታስተዋውቀን እንዲህ ብላ ነው። እሷ የእሷን ይዛ ዓለምን ዞረች። እኔ የእኔን ይዤ እዚሁ ነኝ። ይህችን ደግሞ ውሰዱ አልልም።

ደግሞም ሌላ መንገድ አለ። እያሰብኩበት ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 28

አሸነፍኩ።

በሙሉ ጉባኤ ላይ ተነስቼ አዋጁን አነበብኩላቸው። የሕዝብ መሰብሰቢያ የሆነ ሕንፃ ለአዲስ አገልግሎት ሲውል የመጀመሪያው ፕላን ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ይህን አንቀጽ ማንም አንብቦት አያውቅም፤ ያስገባነውም እኔና አንድ በጡረታ የወጡ አባል ነን። አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። «ሕግ ሕግ ነው» አሉ። ፕላኑ ተፈልጎ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዲቀርብ ተወሰነ። እስኪቀርብ ድረስ የላይኛው ትሪቡን ዝግ ነው።

ፕላኑ ተሟልቶ አይቀርብም። ወረቀት ቁጥር ሰባት መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ማይክራፎን ሲወጣ ክንዴን ይዞ «አንተ ሰውዬ፣ ይኼን ያህል ጠላሃት?» አለኝ። ሳቅሁበት። ስድስት ሺህ ሰው ተረፈ፣ የእኔም ስም ተረፈ። ማን ተጎዳ?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ሚጢጢ ደወለች። ከየት አገር እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ከኋላዋ ሰዎች ዕቃ ይጎትታሉ።

«ጋሼ፣ ትሪቡኔን ዘጋህብኝ አሉ» አለች እየሳቀች።

«ትሪቡኑ ያንቺ አይደለም።»

«ያንተ ነዋ። ሲመረቅ እኮ ትምህርት ቤት ቀርቼ መጥቻለሁ። ለጓደኞቼ ሁሉ ወንድሜ ነው የሠራው እያልኩ ሳስጨንቃቸው ዋልኩ።» ሳቋን አቆመች። «ችግር ካለው ንገረኝ።»

«የወረቀት ጉዳይ ነው።»

«የወረቀት ብቻ?»

«የወረቀት ብቻ።»

አልዋሸሁም። ቃል በቃል ከተወሰደ አልዋሸሁም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ሻይ ሰዓት ላይ ማይክራፎን እየተፍለቀለቀ መጣ። «ጉድህ ፈላ፤ ጥፋተኛዋ ተገኘች» አለኝ።

እትዬ መዝገብን ከሥራ አግደዋቸዋል። ወረቀት ቁጥር ሰባት ከማህደር ክፍሉ ጠፍቷል፣ ተጠያቂዋ ኃላፊዋ ናቸው። በቸልተኝነት። ምርመራው ሲያልቅ ይሰናበታሉ አሉ። ጡረታቸው አንድ ዓመት ነበር የቀረው።

ሻዬን ጠጥቼ ጨረስኩ። እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ሐሙስ

ዝም ብዬ ወረቀቱን ወስጄ አንዱ መደርደሪያ ሥር ብጥለው? ተቀላቅሎ ነበር ይባላል። እሳቸው ይመለሳሉ።

ግን ወረቀቱ ከተገኘ መስመሩ ይነበባል። መስመሩ ከተነበበ ትሪቡኑ ይከፈታል፣ በእኔ ፊርማ።

አንዱን ሳድን አንዱ ይወድቅብኛል። ዛሬ ምንም አልሠራሁም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

ቤታቸው ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አልጠይቅም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ።

ሁለት ክፍል ቤት ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ሳሎኑ ውስጥ ጋዜጦች በወርና በዓመት ተቆልለዋል፤ ቤታቸውንም ማህደር አድርገውታል። ቆመው ተቀበሉኝ። የምክር ቤት አባል ስለሆንኩ ደህናውን ወንበር ሰጡኝ።

«ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት ወረቀት ጠፍታብኝ አታውቅም» አሉ። «እኔ የማብደው በመታገዴ አይደለም። የት ገባች የሚለው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እስቲ እርስዎ ያስታውሱኝ፤ ያን ቀን ሲያዩት ሰባት ቁጥር ነበረች?»

«ነበረች» አልኩ።

«አየህ!» ብለው ጭናቸውን መቱ፤ ወዲያው ደነገጡና «ይቅርታ፣ አዩ ለማለት ነው» አሉ። «እንግዲያው ከእርስዎ በኋላ ነው የጠፋችው። መርማሪዎቹ ማን ነው ያየው ሲሉኝ ስምዎን አልሰጠሁም። ያዩትን ሰው በዚህ አታንገላቷቸው፣ ወረቀት የሚያከብሩ ሰው ናቸው ብያለሁ።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን ከወንበሩ ተነሳሁ። በር ድረስ ሸኝተውኝ «ስለመጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሌላ ማንም አልመጣም» አሉኝ። ደረጃውን ስወርድ ራሴን ምን ምን ብዬ እንደሰደብኩት እዚህ አልጽፈውም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

አፈ ጉባኤው ቢሯቸው ጠሩኝ። ፕላኑ ከጠፋ ጠፋ፣ እርስዎ የሠሩት ስለሆነ የሚያውቁትን በአንድ ገጽ ይጻፉልን፣ እንገላገል አሉ። በትሕትና ነው ያሉት።

አራት ጊዜ ጻፍኩ። አራት ጊዜ ቀደድኩ። ትሪቡኑ ለተቀመጠ ሕዝብ ነው ብዬ መጻፍ እችላለሁ፤ እውነት ነው። ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል ሳልተነፍስ። እሳቸው ደግሞ እንደታገዱ።

ከነገ ወዲያ ጉባኤ ነው። ማይክራፎን አዲስ የውሳኔ ሐሳብ ይዟል፤ ፕላኑ በሠራተኛ ጥፋት ስለጠፋ የአዋጁ አንቀጽ አይሠራም፣ ሁሉም በር ይከፈት ነው የሚለው። ያቺን ሴትዮ ጥፋተኛ ማድረግ ለካ ለዚህ ነው የፈለጉት። የእኔ ብልጠት በእሳቸው ጀርባ ዞሮ ወደ ትሪቡኑ ወጣ።

እማዬ ለእራት ስትጠራኝ አልሰማኋትም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው፤ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ይጽፈዋል።

ማይክራፎን ሐሳቡን አቀረበ። «በአንዲት ቸልተኛ ሠራተኛ ምክንያት» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋገመው። በሦስተኛው እጄን አወጣሁ። አፈ ጉባኤው ዕድሉን ሲሰጡኝ ቦርሳዬን ከፍቼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ተጠቅልሎ ስለቆየ መልሶ ይጠቀለላል፤ በአንድ በኩል የውሃ ብርጭቆ፣ በሌላው በኩል የአዋጁን መጽሐፍ ጫንኩበት።

«ፕላኑ አልጠፋም» አልኩ። «እኔ ጋ ነው። የካቲት 19 ከማህደር ክፍል ሳላስፈቅድ የወሰድኩት እኔ ነኝ። የክፍሉ ኃላፊ አንድም ጥፋት የለባቸውም። ይህ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።»

ከዚያ አሥራ ሁለተኛውን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩ። ማይክራፎን ፊቱ በራ። «ታዲያ ይኸው፣ ለሚዘል ሕዝብ ይላል» አለ። «ችግሩ ምንድን ነው?»

«መስመሩ ሐሰት ነው። ከሌላ ሥራ ገልብጬ ሳልለውጠው የቀረ ነው። ፊርማው የእኔ ነው።»

ያንቀላፉት ሁሉ ቀና አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ስለ ኮንክሪት ሳወራ እንዲህ ተሰምቼ አላውቅም።

«ስለዚህ የተከበሩ አባል» አለ ማይክራፎን ቃላቱን እየመረጠ፣ «የዋሹን ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

«ያኔ ተሳስቻለሁ። የዋሸሁት ባለፈው ወር ነው።»

ከኋላ አንዱ «ይልቀቁ» አለ። ሌላው ደገመው። ሲንጫጩ ቆሜ ጠበቅሁ። «ልታስወጡኝ ትችላላችሁ፤ ሥልጣኑ አላችሁ» አልኩ። «ፈቃዴንም የሚሰርዝ አለ። ያንን ትሪቡን ግን ስድስት ሺህ ሰው ወጥቶ አይዘልበትም። የምትከፍቱት ከሆነ እያንዳንዳችሁ በስማችሁ ድምፅ ስጡ፤ እጅ በማውጣት አይደለም። ስማችሁ ይጻፍ። ሳያነብ ስሙን የፈረመ ሰው ምን እንደሚደርስበት እኔን አይታችኋል።»

በስም ድምፅ ተሰጠ። የመክፈቱ ሐሳብ ዘጠኝ ሰው ብቻ አገኘ። ማይክራፎን ራሱ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ወዲያው በእኔ ላይ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ለዚያ ሁሉም እጃቸውን አወጡ። እኔም አወጣሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 20

በየሬዲዮው አለሁ። «የታዋቂዋ ድምፃዊት ወንድም።» ስሜ አሁንም አልተጠራም።

ሚጢጢ ደወለች። አልሳቀችም።

«ሰዎቼን ሁሉ አናገርኩ። ሁሉም ሜዳው ላይ ይሁን ብያለሁ፤ መድረኩን ወደ ምዕራብ ያዞሩታል። ግማሽ ቀን አልፈጀም።»

«ጥሩ ነው።»

«ጋሼ፣ መጋቢት መግቢያ ላይ ጠይቄሃለሁ። ችግር ካለው ንገረኝ ብዬሃለሁ። ለእኔ ብቻ ብትነግረኝ እኮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ምክር ቤት የለ፣ ሬዲዮ የለ። ያቺም ሴትዮ አትታገድም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ለእኔ ያልነገርከኝ?»

ስልኩ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁት። አልተቋረጠም ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 25

እትዬ መዝገብ ሥራ ገብተዋል። ወረቀቱን ራሴ ይዤ ሄድኩ። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠርዞቹን አንድ በአንድ መረመሩ። አንዱ ጥግ ታጥፏል። በጣታቸው እያቀኑት «አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አሉ።

«ይጠይቁኝ።»

«ቤቴ መጥተው ደህናው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወረቀቱን ወደ ቦታው ይዘው ሄዱ። ሻይ ጠጡ አላሉኝም። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ለጀርባቸው ነው የጠየቅሁት። ነገም እሄዳለሁ። ፊት ለፊት እስክጠይቅ ድረስ እሄዳለሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 6

የፈቃድ ቦርዱ ደብዳቤ ደረሰ። ለሁለት ዓመት ታግጃለሁ፤ ሥራዎቼ ሁሉ በሌላ መሐንዲስ ይመረመራሉ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ገና አልጨረሰም። አፈ ጉባኤው በራስዎ ፈቃድ ቢለቁ ለቤተሰቡም ክብር ነው ብለው አስመከሩኝ። አለቅም። ማስወጣት ከፈለጉ ያስወጡኝ፤ እንደ ሌላው ሁሉ በስም ድምፅ። እስከዚያ ድረስ ስለ መንገድ ጥገና እናገራለሁ፣ እነሱም ያንቀላፉ።

እማዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኩርፊያ ላይ ነበረች። ዛሬ ምሳ ላይ ድንገት «እኔ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነበር የምቀመጠው» አለች።

«አዎ።»

«ብወድቅስ?»

«ምናልባት ላይወድቅ ይችል ነበር፣ እማዬ። እርግጠኛ አልነበርኩም።»

«አንተ? እርግጠኛ ያልነበርከው አንተ?» ብላ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ደጋግማ አየችኝ። እንግዳ ሰው ቤቷ የገባ ይመስል ነበር። ከዚያ ተጨማሪ ወጥ ጨለፈችልኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 19

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል።

የላይኛው ትሪቡን በሮች ሁሉ ተቆልፈዋል፤ ቁልፍ የሌለው አንዱ ብቻ ነው። ጥበቃ እንዳነሳቸው ሰምቼ ለስታዲየሙ ሥራ አስኪያጅ «ያን በር ለእኔ ስጡኝ» አልኳቸው። ይቀልዳል ብለው ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሼ ቆምኩ። ሰንሰለቱንም እኔ ነኝ ያሰርኩት።

በመጀመሪያው ሰዓት አሥራ ሰባት የቅርብ ዘመዶቿን መለስኩ። አንዱ «እኔ የዘፋኟ ወንድም ነኝ» አለኝ። «የት ነው ያደጋችሁት?» አልኩት። ሳቀና ሄደ። አንዲት ሴት የእኔን ስም ጠርታ «እሱ ነው የላከኝ» አለች። ስሜን የጠራ ሰው ከተገኘ ቆይቷልና ልቤ ትንሽ ደስ አለው፤ አልገባችም እንጂ።

ሊመሽ ሲል አንድ ግዙፍ ሰው ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከሩቅ ከተማ መምጣታቸውን፣ ልጅቷ ከሜዳው ላይ ሆና ምንም እንደማይታያት፣ ላይ ደግሞ ባዶ መሆኑን ነገረኝ። ባዶ ቦታ መከልከል ክፋት ነው አለኝ። ሌሎችም ተሰበሰቡ። ሰንሰለቱን ያዙት።

«ይኼን በር የዘጋው ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ማን ነህ?»

የምክር ቤት አባል ነኝ ማለት እችል ነበር። ወንድሟ ነኝ ማለት እችል ነበር። «የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ስሠራው ተሳስቻለሁ። ሰው ከዘለለበት ሊወርድ ይችላል።»

አንገቱን ቀና አድርጎ ከራሱ በላይ ያለውን ኮንክሪት አየ። መልሶ እኔን አየ። አፍሬ ዓይኔን እስክሰብር ጠበቀ መሰለኝ። አልሰበርኩም። ሰንሰለቱን ለቀቀውና ልጅቷን አስተካክሎ ይዞ ወደ ሜዳው ወረደ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ሚጢጢ ዝላዩን የዘፈነችው መጨረሻ ላይ ነው። ባንዱን አስቆመች። አራት ቆጠረች። እጄን በሩ አጠገብ ያለው ምሰሶ ላይ አደረግኩ። ከመብራቱ ሥር ሰውየውን ለየሁት፤ ልጅቷ ትከሻው ላይ ሆና እጆቿን ዘርግታለች፣ እሱ ከነሸክሙ እንደ ወጠጤ ይዘላል። ከእነሱ ኋላ ሠላሳ ሺህ ሰው ይዘላል። መሬት ላይ ናቸው። ይዝለሉ።